አጥንትሽን ወደ እኔ አዙሪው

ይድረስ ለየሺእመቤት፣ ለሚስቴ።

ብዕሩን የያዘችው ብርቄ ናት። ያንቺው ልጅ፣ የእኔው ልጅ። እኔ ፊደል እንደማልለይ ታውቂያለሽ፤ እንግዲህ ቃሉ የእኔ ነው፣ እጁ የእሷ። ጎረቤታችንን አስተማሪውን ላስጽፈው እችል ነበር። አልፈለግሁም። ይህ ደብዳቤ በእሷ እጅ መጻፍ አለበት፤ ለምን እንደሆነ እስከ መጨረሻው ስትሰሚኝ ይገባሻል። የምለውን ሁሉ እንድትጽፍ፣ የተቆጣሁትንም እንዳትዘል አስምያታለሁ። ብትዘልም አታመልጠኝም፤ በሙት ዓመትሽ ዕለት የነፍስ አባታችን አባ ገብረ ኪዳን መቃብርሽ ላይ ቆመው ጮክ ብለው ያነቡታል፣ እኔም እዚያው ሆኜ እሰማለሁ። የጎደለች ቃል ካለች አውቃታለሁ። ይህንንም ጻፊው፣ ብርቄ።

ጮክ ብለው ያልኩት ለጆሮሽ ነው። ግራው ጨርሶ ዘግቶ ነበር፣ ቀኙ ደግሞ የፈለገውን ብቻ ነበር የሚሰማ።

ከተለየሽን ዓመት ሊሞላ ነው። አደይ ገና ሲፈነዳ ነበር የሄድሽ፤ አሁን ሌላው ሊፈነዳ ዝናቡ እየሳሳ ነው። እንዴት ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ አንቺ አርፈሻል። የሚጠየቅስ እኔ ነበርኩ። ቤቱ እንዳለ ነው። እኔን የጣለኝ ያ የሚያፈሰው ቆርቆሮ ዛሬም ያፈሳል፤ ከእኔ ወዲያ ሊመታው የወጣ የለም፣ ሥሩ ድስት እንደተደቀነ ነው። ዶሮዎችሽን ሸለምጥማጥ ፈጃቸው፤ ያቺ ቀይዋ ብቻ ተርፋ እሷም እንደ እኔ ከቤት አትወጣም። ነጠላሽ ከግድግዳው አልወረደም። ብርቄ ላጥፈው ስትል ተይው አልኳት።

እኔማ መደቡ ላይ ነኝ። ዳሌዬ አንቺ እንደተውሽው ነው። ሲነጋ ብርቄ ታገላብጠኛለች፣ ታጥበኛለች፣ ትራሱን ከጀርባዬ ታስደግፈኛለች። ወንድ ልጅ በሴት ልጁ እጅ ሲታጠብ ምን እንደሚሰማው አልነግርሽም። ይህን አትጻፊው ብያት ነበር፤ ሁሉንም ብለኸኛል ብላ ጻፈችው። ይሁን። ጃናሞራ ሳለን በቅሎ ጭኜ ያን ሁሉ ገደል አቋርጬ ደባርቅ ገበያ ስወጣ፣ ዝናብም ቢመታኝ፣ እግሬም ቢላጥ፣ አንድ ቀን በራሴ በቅሎ ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ጭነት የምጭን ሰው ነበርኩ። ጭነት የምሆን ሰው አልነበርኩም። ይህችን ቃል ያዢልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ከዓለም የቀረችኝ መስኮቲቱ ናት። እሷም ብትሆን ሰማዩን እንጂ መንገዱን አታሳይም፤ ተኝቼ ነውና። መንገዱን በጆሮዬ ነው የማየው። ከጎንደር ተጭኖ መጥቶ ወደ ሊማሊሞ ቁልቁል ሊገባ ያለ መኪና እዚህ ደባርቅ ቤታችን አጠገብ ሲደርስ ማርሽ ይቀንሳል፣ ድምፁ እንደሚያጉረመርም በሬ ይሆናል። ባዶው ደግሞ እየዘለለ፣ ቆርቆሮው እየጮኸ ነው የሚያልፍ። አንቺ ይህን ሁሉ ዓመት እዚህ ተኝተሽ አንድም መኪና ሰምተሽ አታውቂም። እኔ ከተጋደምኩ ወዲህ ሌላ ሥራ የለኝም።

አሁን ወደ ብርቄ ልምጣ።

ልትታመሚ ጥቂት ቀን ሲቀርሽ እንኳ በሰፈሩ ስትኩራሪ ነበር፤ ልጄ ዶክተር ልትሆን ነው እያልሽ። የሰው ሐኪም አይደለችም፣ የኬሚስትሪ ናት ብላ ብርቄ ስንቴ አስረዳችሽ። አልሰማሽም። የዘራሽውን እኔ አጨድኩት፤ ከቀብርሽ በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ወገቡን እየያዘ፣ ልጁን እያዘለ ደጃችን ላይ ተሰለፈ። አንዱማ በሬው ታሞበት መጣ። እሷም ለሁሉም እንዲያ አይደለም እያለች ስታስረዳ ሰነበተች። ሐኪም ካልሆንሽ ታዲያ ምንሽ ነው ዶክተር ብለው አኩርፈው ሄዱ።

እኔም እኮ አልገባኝም ነበር። አንድ ቀን ትንሽ የመስታወት ጠርሙስ አምጥታ አሳየችኝ። ነጭ ዱቄት ነው፤ ከጤፍ ዱቄት የላመ። ከምንድን ነው አልኳት። ከገብስ እብቅ ነው አለችኝ። እኔና አንቺ እድሜ ልካችንን አውድማ ላይ ለነፋስ የበተንነው እብቅ! ያ አንገትሽ ውስጥ እየገባ ሲያሳክክሽ በእህል ማዝሪያው ላይዳ ልትመቺኝ የምትሮጪበት። ገብስ ከመሬት አሸዋ የሚመስል ነገር እየጠጣ ቅርፊቱ ውስጥ ያስቀምጠዋል አለችኝ፤ እብቁ የሚቧጥጠው ለዚያ ነው። እሷ በአሲድ ታጥበዋለች፣ እንደ ፀሐይ በጋለ ምድጃ ታቃጥለዋለች፣ ጥቁሩ ሁሉ ይሄድና ያ ነጩ ይቀራል። የቆዳ ፋብሪካ ወንዝ ውስጥ የሚደፋውን መርዝ የሚለቅም ዱቄት ነው። እንዴት ይለቅማል ብላት፣ ጭጎጎት ልብስ ላይ እንደሚጣበቅ መርዙ ዱቄቱ ላይ ይጣበቃል አለችኝ።

ስሙን ናኖ ይሉታል። ትንሽ ማለት ነው፤ ግን እኛ የምናውቀው ትንሽ አይደለም። አንዲት የፀጉር ዘለላ ብትሰነጥቂና እንደገና ብትሰነጥቂ፣ ዓይንሽ ማየት ካቆመም በኋላ ብትሰነጥቂ ነው አለችኝ። ታዲያ የማይታይን ነገር ማድቀቅ ምን ይጠቅማል ብዬ ተከራከርኳት። ይህን ያለችኝን እስካሁን አስባለሁ። አንድ ድንጋይ ፊቱ ጥቂት ነው፤ ስትፈልጠው አዲስ ፊት ያወጣል፤ ባደቀቅኸው ቁጥር ፊቱ ይበዛል፣ ፊቱ በበዛ ቁጥር የሚይዘው መርዝ ይበዛል። የሰው ልጅ ሲሰበር ይቀንሳል፤ ድንጋዩ ሲሰበር ይበዛል። እኔ ገና ያን ቀን ሰማሁት።

ተማሪዎቹ እንዲህ እንዲህ የደረሱበትን በመምህራን ፊት ቆመው ይናገራሉ፤ ሴሚናር ይሉታል። መምህራኑ እንደ ዳኛ ተቀምጠው ያፋጥጧቸዋል። አንቺ ታመሽ ከጎንደር ወዲያ ካለው ትምህርት ቤቷ ስትመጣ መንገዱ ከኋላዋ ተዘግቶ ነበር፤ ያን ጊዜ የነበረውን ግርግር አንቺም አይተሽዋል። ከአርባሽም በኋላ አልተከፈተም። በኮምፒውተር ሆና እንድትናገር ፈቀዱላት። ሳምንቱን ሙሉ ግድግዳው ላይ ስትለማመድ ሰነበተች። በእንግሊዝኛው ስትንበለበል ሰለቸኝና በሰው አፍ ንገሪኝ አልኳት፤ በአማርኛ ደገመችው፤ የገባኝን ያህል እየጠየቅሁ አፋጠጥኳት። ከመምህራኖቼ አንተ ትብሳለህ አለችኝ።

በቀኑ ኮምፒውተሩን የዱቄት በርሜሉ ላይ አቆመችው። ከጀርባዋ ያለው ግድግዳ ጥላሸት ስለሆነ ጋቢዬን ዘረጋችበት። በሐዘን ልብሷ ቆመች፤ ሌላ ልበሺ ብላት አልለበሰችም። እኔን እንዳልስል አስጠነቀቀችኝ። ቀይዋን ዶሮ ከቅርጫት ሥር ደፋቻት። ጀመረች። መምህራኑ በኮምፒውተሩ ውስጥ እንደ ፎቶግራፍ ተደርድረው ያያሉ። እኩሌታው ላይ ስትደርስ ኔትወርኩ ጠፋ፣ ፊቶቹ ሁሉ ድርቅ ብለው ቀሩ። አንዱ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ታቆማለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አላቆመችም። ለማይሰማው ኮምፒውተር፣ ለእኔ፣ ለነጠላሽ፣ እስከ መጨረሻው ተናግራ አመስግና ዝም አለች። እኔ አጨበጨብኩ። ሌላ የሚያጨበጭብ አልነበረም። ያን ቀን ብታያት ኖሮ የሺ፣ ያን ያልሽውን አትይም ነበር።

ምን ያልሽውን እንደሆነ ገና እመጣበታለሁ። አትቸኩዪ።

ዱቄቱ ምን ሆነ መሰለሽ? ጠርሙሷን ብርቄ ብርሃን ይሻላል ብላ መስኮቲቱ ላይ፣ ከጸበልሽ ጀሪካን አጠገብ አስቀምጣት ነበር። እህትሽ ጥሩወርቅ ከዳባት ልትጠይቀኝ መጣች። ብርቄ ውኃ ልትቀዳ ወጥታለች። እኔን እንቅልፍ ወስዶኛል። ጥሩወርቅ ጸበሉንና ነጩን ዱቄት አንድ ላይ ስታይ፣ ከጸበል ቦታ የመጣ፣ በሽተኛ የሚቀባው እምነት ነው አለች። ምን ትበል! እኔም ብሆን እንዲያ ነበር የምለው። በስመ አብ ብላ ዳሌዬን፣ ጉልበቴን፣ ግንባሬን በመስቀል ምልክት ቀባችኝ። የተረፈውን ሕፃኗ ለታመመባት ጎረቤት በፌስታል ቋጥራ ሰጠች። ብርቄ ስትመለስ እኔን ወፍጮ ቤት እንዳደረ ሰው ነጥቼ አገኘችኝ። ቆመች። ሳቀች። ከዚያ እንስራዋን እንዳዘለች መሬት ቁጭ ብላ አለቀሰች። ጥሩወርቅ ደንግጣ፣ «ምነው፣ ከየትኛው ገዳም ቢመጣ ነው እንዲህ የሚያስለቅስ?» አለች።

ለካ ከሞከረቻቸው ሁሉ የሠራላት ያ አንዱ ነበር። ልታስለካው ይዛው ስትጓዝ ነበር መታመምሽ ተነግሯት በዚያው ወደ እኛ የመጣች። እንደገና ለመሥራት ምድጃው ያለው እዚያ ነው፤ የኛ እሳት አይበቃውም። የእኔም እግር አልዳነ፣ የእሷም ሥራ አልቀረላት። ጥሩወርቅ እስከ ዛሬ፣ ሕፃኑ ግን ተሻለው ትላለች።

ስለዚህ መሄድ ነበረባት። መንገዱ ሲከፈት እሄዳለሁ አለችኝ። መቼ ይከፈታል ስላት፣ ገና ነው አባየ ትለኛለች። ሰኞም ገና፣ ዓርብም ገና። እኔ ደግሞ መስማት ጀመርኩ። መጀመሪያ አንድ መኪና፣ ባዶ። ቀጥሎ ሁለት። ከዚያ አንድ ማለዳ እነዚያ እንደ በሬ የሚያጉረመርሙት፣ ጭነት የጫኑት፣ ተከታትለው አለፉ። ጭነት ከጎንደር ካልሆነ ከየት ይመጣል? መንገዱ ተከፍቷል። ልጄ እየዋሸችኝ ነው። አልተናገርኩም። እኔም ትዕግሥት አለኝ፤ በቅሎ የነዳ ሰው ትዕግሥት አያጣም። ገንፎውን እያቀረበች፣ መንገዱ ገና ነው ስትለኝ፣ አንድ ከባድ መኪና ከውጭ ማርሽ ሲቀንስ ሁለታችንም ሰማነው። እኔ ወደ እሷ አየሁ፣ እሷ ወደ ገንፎው አየች።

ከዚያ መምህሯ ደወለ። የሷ ስልክ አልነሳ ሲለው በእኔ ባለ ቁልፏ ላይ ነው የደወለው። ጨዋ ሰው ነው። «አባት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ብርቅነሽ ታማ ይሆን?» አለኝ። ደህና ናት አልኩት። ያን ቀን ግማሹን የሰማነው ንግግሯ ከተናገሩት ሁሉ የሚበልጥ ነበር፤ የቀራት ዱቄቱን እንደገና ሠርታ ማሳየት ብቻ ነው፤ ብንልክባት ብንልክባት መልስ የለም፤ እስከ መስቀል ካልተመለሰች ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል፣ ይህን ሁሉ ዓመት የደከመችበት ሜዳ ላይ ይቀራል አለኝ። ትመጣለች አልኩት። ከየት አምጥቼ እንዳልኩት አላውቅም። የወንድ ቃል ነው፣ ወጣ።

ያን ዕለት እህል አልቀምስም አልኳት። እውነቱን እስክትነግሪኝ ውኃም አልነካ። ለመነችኝ፣ ተቆጣችኝ፣ ሳህኑን ይዛ ቆመች። እኔን ታውቂኛለሽ። በነጋታው ተሸነፈች፤ ነገረችኝ።

አንቺ ስታጣጥሪ እኔ እዚህ፣ በዚህ ግድግዳ ማዶ ተጋድሜ ነበር። ድምፅሽን ሰምቻለሁ፤ ቃሉን አልሰማሁም። ጸሎት ነው ብዬ ነበር። ለካ የብርቄን እጅ ይዘሽ፣ «አባትሽን ለባዳ ጥለሽ ብትሄጂ አጥንቴ ይውጋሽ» ብለሻታል።

አሁን ብዕሩን አቆመች። ጻፊ። ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ።

የሺ፣ እኔና አንቺ ባልና ሚስት ሆነን ጎጆ ስናወጣ አንዳችን ሌላውን ሳንጠይቅ በሬ እንኳ ሸጠን አናውቅም። ምነው ታዲያ ይህን ሳትጠይቂኝ? የሟች አጥንት ምን እንደሚያደርግ እዚህ አገር ያላየ የለም። ያቺን የበየዳዋን ሴትዮ ታስታውሻለሽ፤ የእናቷን ቃል ጥሳ መሬቱን ለባዕድ ከሰጠች ወዲህ ያበቀለችው አልበቅል፣ የወለደችው አልቆም ብሏት እንዴት እንደቀረች። ይህን እያወቅሽ በገዛ ልጅሽ ላይ! እኔንም እኮ ጭነት አደረግሽኝ። ገመድ ወስደሽ በልጄ ጀርባ ላይ ጠፍረሽኝ ሄድሽ። ያዢልኝ ያልኩሽ ቃል ይኸው ነው፤ ጭነት የምጭን እንጂ ጭነት የምሆን ሰው አልነበርኩም።

ተቆጥቼሻለሁ። ሙት አይቆጡም ይላሉ፤ እኔ ተቆጥቼሻለሁ። ለእኔ አስበሽ እንዳደረግሽው አውቃለሁ። እኔን ማን ያገላብጠው ብለሽ በዚያ ትንፋሽ መካከል እንኳ ስታስቢልኝ ነበር። ይህን ሳስብ ደግሞ ቁጣዬ ይቀልጥና ሌላ ነገር ይሆናል፤ ስሙን አላውቀውም፤ ግን ደረቴ ላይ ይቀመጣል። እንግዲህ እኔ በዳሌዬ ታስሬ፣ እሷ በእኔ ታስራ፣ ሁለታችን አንድ ክፍል ውስጥ መኪና እየሰማን ስንዋሽ ከረምን። እሷ ለእኔ መንገድ የለም እያለች፣ እኔም የማምን እየመሰልኩ። ወጥመድ የገባ አውሬ እንኳ ይፈራገጣል፤ እኛ ዝም ብለን ገንፎ እንበላ ነበር።

«ይህን ያህል ተምረሽ፣ አጥንት ትፈሪያለሽ ወይ?» አልኳት።

«አጥንቱን አይደለም አባየ፤ እማየን ነው የምፈራ» አለችኝ።

እኔም ስፈራሽ ነው የኖርኩ።

አባ ገብረ ኪዳን ጸበል ሊረጩ ሲመጡ ብርቄን ወደ ውጭ አስወጥቼ ነገሩን ሁሉ አፈረጥኩላቸው። ይፍቱልኝ አልኳቸው። እሳቸው መቋሚያቸውን ተደገፉ። በኋላ፣ «እኔ ፍትሐቱን አደርሳለሁ፣ እግዚአብሔር ይፍታ እላለሁ። ነገር ግን ልጄ ባየ፣ ይህ አደራ ነው። አደራ ደግሞ ባለቤት አለው። ሟቿ ልጅቱን ያሰረች በማን ስም ነው? ባንተ። እንግዲህ ገመዱ ያለው አንተ እጅ ነው። አንተ በሟቿ ፊት፣ በሰው ፊት፣ አደራዬን ተቀብያለሁ፣ ልጄን ለቅቄአለሁ ካላልክ የእኔ ፍትሐት ብቻውን የልጅቱን ልብ አይፈታውም» አሉኝ። እንዴት ብዬ ልቁም፣ እንዴት ብዬ ልናገር ብላቸው፣ «አስጽፈው» አሉኝ። «እሷው ትጻፈው። የሰው እጅ የጻፈውን ልቡ ቀስ እያለ ያምነዋል» አሉ።

ይኸው በእሷ እጅ ያስጻፍኩት ለዚህ ነው።

ለባዳ ጥለሽው ብትሄጂ ብለሻል። ደግ። ለባዳ አትጥለኝም። ጥሩወርቅ ባዳ ናት? እህትሽ ናት። ዳባት ወደ እሷ ቤት እገባለሁ። አሁን ከመቃብርሽ ውስጥ ስትስቂ ይሰማኛል። አዎ፣ እኔ! ምላሷ ወፍጮ ነው፣ ውኃ ሳያገኝ እንኳ ይፈጫል ብዬ ከሠርጋችን ጀምሮ የሸሸኋት ሰው። በሰው ጣራ ሥር አልተኛም፣ የሰው በር አልጠብቅም ብዬ የማልኩ ሰው። ስልክ ደውዬ ጠየቅኋት። ስትጮህ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት፤ መጨረሻ ላይ ግን አለቀሰችና፣ «ያቺን መደብ ላንተ ካነጠፍኳት ቆይቷል፣ አንተ ኩሩ» አለችኝ። ልጇ ጎበዝ ነው፣ አንሥቶ ያገላብጠኛል። ከልጄ እጅ ይልቅ እሱ ቢያጥበኝ ይቀለኛል፤ ይህንንም እውነት ጻፊው፣ ብርቄ።

ነገሩን አላሳምርልሽም። ይህም እስር ነው። ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው መደብ ነው የምሄድ፤ በዚህኛው መኪና እሰማ ነበር፣ በዚያኛው ጥሩወርቅን እሰማለሁ። ይህን ቤት ዘግቼ፣ ያ ቆርቆሮ በባዶ ቤት ሲያፈስ እያሰብኩ መተኛት አለብኝ። ነገር ግን እኔ መርጬ የገባሁበት ነው። አንቺ የመረጥሽልኝ አይደለም፣ ልጄም የተሸከመችው አይደለም። ደግሞ አንድ ነገር አስቤአለሁ። ከጎንደር የሚመጣ አውቶቡስ ደባርቅ ከመድረሱ በፊት በዳባት ነው የሚያልፍ። እንግዲህ ብርቄ ስትመለስ የማገኛት እዚህ ሆኜ ከምጠብቃት ቀድሜ ነው። ይህን ስነግራት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በሙት ዓመትሽ ዕለት ባጃጅ እስከ ዳገቱ ሥር ያደርሰኛል። ከዚያ ወዲያ ባጃጅ አይወጣም፤ የዕድራችን ሰዎች በቃሬዛ ይሸከሙኛል። ዓመትሽ ሲሞላ ተከትዬሽ የመጣሁ መስሎት መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ይሳለማል። ልሳደብ አልችልም፤ ቤተ ክርስቲያን ነው። ተሸክመውኝ አጠገብሽ ያስቀምጡኛል፣ ብርቄ በግራዬ ትቆማለች፣ ጥሩወርቅ ዝም ትላለች፤ ይህን ብቻ አስምያታለሁ። አባ ገብረ ኪዳን ያነባሉ። እንግዲህ ስሚ፣ ቃሌ ይህ ነው።

እኔ ባየ፣ አደራው የተሰጠልኝ ሰው፣ ቆሜ እንዳልል ተኝቻለሁ፤ ግን በሙሉ ልቤ እናገራለሁ። ልጄ ብርቅነሽ እኔን አልጣለችኝም። አገላብጣኛለች፣ አጥባኛለች፣ አጉርሳኛለች፣ ለእኔ ብላም ዋሽታለች። አደራሽን ፈጽማለች፤ እኔም ተቀብያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ለቅቄአታለሁ፤ ትሂድ። ምድጃዋ ዘንድ ትሂድ፣ ዱቄቷን ትሥራ፣ በእነዚያ ዳኞች ፊት ትቁም፤ ይህን ጊዜ ኔትወርክ አያቋርጣት፣ ሌላ የሚያጨበጭብም ይኑራት። የግድ የሚወጋ ካለ እኔ እወጋለሁ። አጥንትሽን ወደ እኔ አዙሪው። ዳሌዬ እንደሆነ ተሰብሯል፤ አንድ ውጋት ቢጨመርበት አያስታውቅም።

ብዕሩን አስቀምጣ ዓይኗን እየጠረገች ነው። ወረቀቱን እንዳታርሺው፣ አባ ማንበብ ያቅታቸዋል። አንሺው። ጥቂት ነው የቀረን።

የሺ፣ አልረሳሽም። ነጠላሽን አጥፋ ሻንጣዬ ውስጥ እንድትከተው ለብርቄ ዛሬ ነገርኳት፤ ዳባት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ቀይዋንም ይዣት እሄዳለሁ። ጥቅምት ሲገባ፣ ያ ገብስ የሚበተንበት ነፋስ ሲነሣ፣ በየትም ብተኛ አፍንጫዬ ያውቀዋል፤ ያን ጊዜ አንቺን አውድማው ላይ፣ ጸጉርሽ እብቅ ለብሶ፣ ላይዳ ይዘሽ ስትመጪብኝ አይሻለሁ። ከሞት በኋላ ስንገናኝም መጀመሪያ ጥሌን እጨርሳለሁ፣ ከዚያ አጠገብሽ እቀመጣለሁ።

ባልሽ ባየ።

በይ እንግዲህ ብርቄ፣ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። አትሩጪ። «ትሂድ» የሚለው ጋ ስትደርሺ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፤ እናትሽ ጆሮዋ ከብዷት ነበር።